ለሁሉም አሥር

የሒሳብ አስተማሪው ገዳሙ በደብረ ማርቆስ ከተከራየበት ክፍል ደጃፍ ወድቆ የተገኘው እሑድ አመሻሽ ላይ ነው፤ ማጅራቱ ከድንጋዩ ደረጃ ጋር ተላትሟል። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ሰኞ ጠዋት ደረሰች። አምበር ከተማ ሌላ ሬሳ አይታ፣ ጉልበቷን እያመማት ነበር የመጣችው። ጡረታዋ አምስት ወር ቀርቶታል፤ አምስት ወሩም ረዝሞባታል።

ጠረጴዛው ላይ በገዳሙ እጅ የተጻፉ ሦስት ካርዶች ተደርድረዋል። ካርዶቹን አንብባ ወደ ኪሷ ከተተችና እሑድ እሑድ አብረውት የሚጫወቱትን ሦስት ጓደኞቹን አስጠራች።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለችው ባለ ወፍጮውን ባዘዘውን።

«የምናብ ጨዋታ ነው። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥራለን፤ ጉልበቱ፣ ዓይኑ፣ ዜማው ካርድ ላይ በቁጥር ይጻፋል። የእኔ ዘንዶ ገዳይ ነው፤ ጉልበቱ ሃያ አምስት። ታሪኩን የሚመራው ገዳሙ ነበር።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተከራክረናል። ‹አንዱ በዛ፣ አንዱ አነሰ፤ ሚዛን ይኑር፤ በሳምንቱ አዲስ ካርድ አሳያችኋለሁ› አለን። ተናድጄ ነው የወጣሁት፤ አልዋሽዎትም።»

«አሥር ሰዓት ላይ ሦስታችንም አብረን ወጣን» አለች ነርሷ ትሕትና። «አዲሱን ካርድ ማናችንም አላየንም።»

የመጨረሻው ፈንታ ነበር፤ ሉማሜ ተወልዶ ቅኔ ቤት ያደገ፣ አሁን ጸሐፊ።

«የአንተስ ሰው?»

«ዓይነ ስውር መሪጌታ። አያይም፤ ዜማ ሲጀምር ግን ጋኔን ይታሰራል።»

ሥራነሽ ለሦስቱም በየተራ ወረቀት ሰጥታ ከዜሮ እስከ አሥር በግእዝ ቁጥር እንዲጽፉ ጠየቀች። ባዘዘው ሳቀ። ፈንታ ብዙም ሳያስብ ጽፎ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መቆም ስለታከታት ተቀምጣ ጀመረች።

«ገዳሙ ካርዶቹን የጻፈው ከወጣችሁ በኋላ ነው። በግእዝ ቁጥር አሳምሮ ለሁሉም ፲ ሰጠ። ባዘዘው፣ የአንተም ጉልበት ፲ ሆኗል፤ ማንም አልነካውም። የትሕትናም እንዳለ ነው። የመሪጌታው ‹ዓይን› ግን በእርሳስ ተሰርዟል። ስለዚህ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቷል። ዜማውን ከፍ አላደረገም፤ ዓይኑን ብቻ አጠፋ። ማሸነፍ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

«እኔን ለመጉዳት ቢሆንስ?» አለ ፈንታ ቀስ ብሎ።

«ካርዱ ላይ የተተካው ‹አልቦ› የሚል የግእዝ ቃል ነው፤ ‹የለም› ማለት ነው። ጠዋት ባዘዘውና ትሕትና ዜሮን ክብ አድርገው ጻፉልኝ። በግእዝ ቁጥር ዜሮ እንደሌለ አውቀህ ‹አልቦ› ብለህ የጻፍከው አንተ ብቻ ነህ።»

ፈንታ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መሪጌታው አባቴ ናቸው» አለ። «ዓይናቸው ሳያይ አርባ ዓመት አስተምረው አምና አረፉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጨዋታው ላይ ብቻ ነበር የማገኛቸው። ስልኬን ረስቼ ብመለስ ዓይን ሰጥቷቸዋል፤ ዜማቸውን ከሁላችሁ ጋር እኩል አድርጎታል። እስከ በሩ እየተጨቃጨቅን ወጣን፤ ገፈተርኩት። ልገድለው ብዬ አልነበረም። ወድቆ ሳለ እሱን ከማንሣት ይልቅ ገብቼ ካርዱን አስተካከልኩ።»

ትሕትና አለቀሰች። «ብትነግረው ይመልስልህ ነበር እኮ!»

«ነገርኩት። ‹ቢያይ ምን ይከፋዋል?› አለኝ።»

ሥራነሽ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ለሟቹም ለገዳዩም አዘነች።

«ጋቢ ካለህ ደርብ» አለችው፤ «ጣቢያው ይበርዳል።»