ስሟን ያልጠየቅናት እንግዳ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ «ፈጠራ ነው» እያላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ይህን ዝለሉት። እኔ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የደረሰው በአክስቴ ላይ ነው። የብርጓል እላታለሁ። እውነተኛ ስሟን ግን አልጽፍም። የእኔንም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ጥቅምት 1999 ዓ.ም.። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ቦታው ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ያላት የገጠር ቀበሌ ናት።

የአክስቴ ባል ውበቱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልጅ የላቸውም። የቀራት ነገር ቢኖር ሁለት ጥማድ መሬት ነው። በዚያ ሰሞን የመሬት ደብተር ይታደል ነበር፤ የባለይዞታው ፎቶና የጣት አሻራ ያለበት። ደብተር የሌለው መሬት የለውም ማለት ነው።

አክስቴ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰልፋ ተራዋ ደረሰና ስሟን ተናገረች።

መዝጋቢው ደምለው የሚባል ትሑት ወጣት ነው። መዝገቡን ገለጥ አድርጎ ግራ ተጋባ።

«እናቴ፣ ይህ ደብተር እኮ ሰኞ ተወስዷል።»

«ማን ወሰደው?»

«የመሬቱ ባለቤት። ወይዘሮ የብርጓል።»

«የብርጓል እኔ ነኝ!»

መዝገቡን አዞረላት።

ፎቶው ላይ ያለችው ሌላ ሴት ናት... የለበሰችው ግን የአክስቴን ጥቁር የሐዘን ነጠላ ነው። ጠርዙ ላይ የተጣፈው እራፊ እንኳ ይታያል።

አወቀቻት።

ነሐሴ ላይ ዝናብ አግዷት የመጣች ሴት ናት። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለች። በእኛ አገር እንግዳን ስምሽ ማነው፣ ከየት ነሽ ብሎ ማዋከብ ነውር ነው። እግር ይታጠባል፣ ይበላል፣ መደብ ይነጠፋል። ራሷ ካልተናገረች ማንም አይጠይቃትም።

እንግዳዋ ግን ጠየቀች። ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቀች።

የአባትሽ ስም? የአያትሽስ? በስንት ዓመትሽ ተዳርሽ? ባልሽ ሲያቆላምጥሽ ምን ይልሽ ነበር? መታወቂያሽን እስቲ አሳይኝ፣ ፎቶ ላይ እንዴት ነሽ?

አክስቴም ሁለት ዓመት ብቻዋን የኖረች ሴት ናት። ሰሚ አገኘሁ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ! እዚህ ላይ ስደርስ በእሷም እናደዳለሁ።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ የለችም። ጥቁሩ ነጠላም የለም። አክስቴ «በርዷት ይሆናል፣ ትልበሰው» ብላ ተወችው።

አሁን ግን እንደ እሳት ነደደች። መታወቂያዋን ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ይኸው! እየው!»

ደምለው መታወቂያውን አየ። እሷን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ... የማንን መታወቂያ ነው የያዙት?»

መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የዚያች ሴት ነበር።

«አሻራዬን ውሰድ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ልጅ እያለች የግራ አውራ ጣቷን ማጭድ ቆርጧታል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። መዝገቡ ላይ የታተመውን አሻራ ጎንበስ ብላ ስታይ... ከላይ እስከ ታች የወረደ ነጭ መስመር አለበት። የእሷው ጠባሳ ነው።

ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ጫነች።

ሰማያዊ ክብ ብቻ ወጣ። መስመር የለው፣ ጠባሳ የለው።

ጣቷን ገልብጣ አየችው... ልሙጥ ነው።

ደምለው እስክሪብቶውን አነሳ። ሊረዳት ፈልጎ ነበር።

«ይክሰሷት እናቴ። ስሟ ማነው?»

አክስቴ አፏን ከፈተች።

«አልጠየቅኋትም» አለች።

በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሊያዩ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጡ። ሌባ ይሸሻል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። ሴትዮዋ አልሸሸችም! ጥቁሩን ነጠላ ተከናንባ፣ ደብተሩን በብብቷ ይዛ መጣች። ዓይን ያወጣች!

ዳኛው አያ እንዳላማው ናቸው፤ የአክስቴ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። አንዷን አዩ። ሌላዋን አዩ። ዓይናቸውን አሹ።

«እንዴ... ሁለታችሁም የብርጓልን ትመስሉኛላችሁ።»

«አያ እንዳላማው! ለውበቱ ሽማግሌ ሆነው አባቴ ቤት የመጡት እርስዎ አይደሉም?» አለች አክስቴ።

«እሷም ይህንኑ አለችኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ሠላሳ ዓመት ከአንድ ምንጭ የቀዳ ሰው እንዲህ ይላል? እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

አያ እንዳላማው ትንሽ አሰቡና አክስቴን ጠጋ አደረጓት።

«ለሰው ያልነገርሽው ነገር አለ? ለማንም?»

አክስቴ ለእንግዳዋ ያልነገረችውን ፈለገች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«በተዳርኩ በሦስተኛው ወር ውበቱን ጥዬው ልጠፋ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ ነበር። ተመለስኩ። ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩት።»

ሴትዮዋ ተጠራች።

ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ውበቴን ጥዬው ልሄድ ነበር። አውቶቡሱ ቆሞልኝ፣ ቀኝ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ... ረዳቱ ‹ትወጫለሽ አትወጪም?› ብሎ ሲጮህብኝ ነው የተመለስኩት።»

ስለ ረዳቱ አክስቴ ለአያ እንዳላማው አልነገረችም።

ግን እውነት ነበር።

አክስቴ ዘላ አነቀቻት። «የኔ ነው! ይህ የኔ ነው! አንቺ ማነሽ?» ሦስት ወንዶች ናቸው ያላቀቋቸው። ሕዝቡ «ምን ዓይነት እብድ ናት?» ይል ነበር፤ ስለ አክስቴ! ሽማግሌዎቹ ለሴትዮዋ መሰከሩላት። መሬቱም በዚያው ጸናላት።

አክስቴ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ መጣች። አልቅሳ አታውቅም። ትራገማለች፣ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች። ኅዳር ሲጋመስ ማጭድ ገዛች።

«ጤፉን የዘራሁት እኔ ነኝ። ሕግ አልፈልግም። አጭጄ እወስዳለሁ» አለች።

ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም፤ ተከተልኳት።

የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሴትዮዋ እርሻው መሀል ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። አክስቴ መሳደብ ጀመረች። እኔም አገዝኳት።



ከሴትዮዋ ኋላ አንድ ሰው ነዶ ያስራል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ሲያስር ሲያስር ወገቡን ይዞ ቀና ይላል...

ያን ወገብ አያያዝ አውቀዋለሁ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። አፈር ሲመለስበት ቆሜ አይቻለሁ።

ውበቱ ዞረ።

ፊቱ በራ። በስሜ ጠራኝ።

«መጣህ ልጄ? ከተማው ተስማምቶሃል!» አለኝ። ከዚያ አጠገቤ ወደቆመችው ሴት አየ። በትሕትና ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ፀሐዩ ጎዳዎት መሰለኝ። ጥላው ሥር ይረፉ።»

አክስቴ ማጭዱን እንደጨበጠች አንድ እርምጃ ተጠጋችው።

«ውበቱ... እኔ ነኝ እኮ» አለችው።

ግራ ገባው። ወደምታጭደው ሴት ዘወር አለ።

«የብርጓል፣ እኚህን እናት ታውቂያቸዋለሽ?»

«ኧረ አላውቃቸውም» አለች፣ አጨዳዋን ሳታቆም።