ያልተጠየቀ የክርስትና ስም

አይሱዙው ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም።

ጤናዬ ከበቅሎዋ ጎን ቆማ ጠበቀች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከደባርቅ ወደ ዳባት መውጫ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ ጉሙ ገና አልተነሣም። ሰው ከሰው አይለይም። ይሁን፣ ጥሩ ነው።

ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ። « ገብስ ትገዣለሽ? »

« የጃናሞራ ከሆነ። »

« የጃናሞራ ነው። »

ቃሉ ገጠመ። ሾፌሩ ወርዶ ሁለት ጆንያ ገፋ አደረገና ከጆንያዎቹ መካከል አንዲት ሴት በክንዷ ይዞ አወረደ። ደኅና ዋሉም አላለ። ጭሱን ለእነሱ ትቶ ሄደ።

ሴትዮዋ ፈረንጅ ናት። ስልሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟ ኢልዘ ነው፤ መካነ ብርሃን ላይ ስድስት ዓመት የሰው ዓይን ስታክም አገሬው ስሟ አፉ ላይ አልቀመጥ ቢለው እሌኒ ብሏታል። ነገር ከተበላሸ ወዲህ ኤምባሲዋ የላከላት አንድ መልእክት ብቻ ነው። መውጣት የሚችሉ ይውጡ፣ የማይችሉ ባሉበት ይቆዩ። ይህንንማ በቅሎዋም ታውቀዋለች። ቪዛዋ ካለፈ ሦስት ወሩ ነው። ባንክ ዝግ፣ ኔትወርክ የለ። ከጎንደር አውሮፕላን ይነሣል ቢባልም እስከ ጎንደር ማን ያድርሳት?

ማድረሱ የጤናዬ ሥራ ነው።

ደባርቅ ጤናዬን በወጥ ቤትነት ነው የሚያውቃት። ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ታበስላለች፣ ቡታጋዝና ድስት በበቅሎ አስጭና ትከተላለች። ሌላውን ሥራዋን የሚያውቁት አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቷና እዚሁ አካባቢ ያለው አለቃዋ ላቀው ናቸው። በዚያ መዝገብ ስሟ « ገብስ » ነው። የተላከችውም ለአንድ ጉዳይ ነው። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ፈረንጆች ታገቱ። ሦስቱም ከደባርቅ በመኪና በወጡበት ቀን፣ በወጡበት ሰዓት። ሁለቱ ኋላ ተለቀቁ። ሦስተኛው ገደል ሥር ተገኘ። መንገዱን የሚሸጥ ሰው አለ ማለት ነው። ላቀው ሙሌ የሚባል አስጎብኚ ጠርጥሮ አሳሰረ። ሙሌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢገረፍም አላመነም።

ስለዚህ ዛሬ መኪና የለም። በእግር ነው።

ጤናዬ ፋሻ አወጣችና የሴትዮዋን ሁለት ዓይኖች ጠቀለለች። ከታች ለእግሯ የምታይበት ቀዳዳ ተወችላት። ነጠላ አከናነበቻት፣ እጆቿንም በጋቢ ሸፍና በበቅሎዋ ላይ አስቀመጠቻት።

« የዓይን ሞራ የተገፈፈላት እናቴ ነዎት። እንዳይናገሩ። »

ሴትዮዋ ፋሻውን ዳሰስ አደረገች። « በጣም አጠበቅሽው » አለች በጃናሞራ አማርኛ። « እኔ እንዲህ አላስርም። »

ጫኙ ገዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ገዱ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም። እናቱ አራት ዓመት ታውራ ኖራ በዚህች ሴት እጅ ብርሃን እንዳየች ግን ያውቃል። ጤናዬ ሰው ስትፈልግ ሌላ ምክንያት አልጠየቃትም።

ዳገቱ ላይ ኔትወርክ ብቅ አለ። ደወለች።

« ጋሽ ላቀው፣ ገብሱ ተጭኗል። »

« ወፍጮው ይጠብቃል። በአሥር ሰዓት። »

ወፍጮ የሚሉት ከዳባት ጀርባ ያለ የፈረሰ የወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ፀጋው የሚባል የመሥሪያ ቤቱ ሰው በመኪና ይቀበላቸዋል። ፋሻውን ለላቀው አልነገረችውም። ማንም ቢሆን ከሚያስፈልገው በላይ አይነገረውም፤ ያስተማራትም እሱው ነው።

ቀኑ የማርያም ንግሥ ነበር። ረፋዱ ላይ የቁልቁለቱ መንገድ ነጭ በለበሰ ሰው ሞላ። ሽማግሌ የጫነ በቅሎ፣ ሕመምተኛ የጫነ በቅሎ፣ ጠላ የጫነ አህያ። ጤናዬ ሰው መሐል ገባች። ነጭ በነጭ ውስጥ ጠፋች። ገዱ ላገኘው ሁሉ ስለ « አክስቱ » ዓይን ያወራል። እሷ ፋሻዋ ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው የሱን መልክ ስለሆነ መልሳ ትታወር ይሆን ብሎ ይፈራል። ሰው ይስቃል። የሚስቅ ሰው አጥብቆ አያይም።

ስድስት ሰዓት ላይ ከአንድ ወይራ ሥር አንድ መነኩሴ ተቀምጠው መስቀል ያሳልማሉ። ቢጫ ቀሚስ፣ ቆብ፣ በትር። ሴቱ ተሰልፎ ያልፋል። የጤናዬ ዓይን ማዶ ጉብታው ላይ ነበር፤ ጉብታው ላይ ሁለት ሰዎች ከብት ሳይኖራቸው ቆመዋል። ተራዋ ደረሰና ጎንበስ አለች።

« እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ወለተ ጊዮርጊስ። »

« አሜን፣ አባ። »

መስቀሉን ተሳለመች። አለፈች።

ከፊቷ ሁለት ሴቶች እየተጎሻሸሙ ይስቃሉ። « ሰማሻቸው? » አለች አንዷ። « ወለተ ጊዮርጊስ አሉኝ። እኔ አመተ ማርያም! ሳይጠይቁ! »

« እኔንም ብለውኛል። ለሁሉም አንድ ስም ነው የሚያድሉት። »

ጤናዬ የሰማችውን መልሳ አሰበች።

አልጠየቋትም።

ቄስ ያለ ክርስትና ስም አይፈታም። የክርስትና ስም ደግሞ በየሜዳው አይወራም። ሰው ይጠየቃል፣ ቀረብ ብሎ በሹክሹክታ ይናገራል። ይህ ሰው ግን ስሙን ይዞ ነው የተቀመጠው። ላገኛት ሴት ሁሉ ይወረውራል። ሌሎቹ « እኔ አይደለሁም » ይላሉ።

እሷ አሜን አለች።

ያ ስም የሷ ነው። አጥማቂዋ ቄስ ሞተዋል። እናቷ ሞታለች። በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል። የዛሬ ስምንት ዓመት አዲ አርቃይ በረሃ ላይ ጥይት ሆዷን ሲያገኛት ላቀው አዝሏት ሦስት ሰዓት ተጓዘ። ቁልቁለቱ ላይ እያለቀሰ ጠየቃት። ብትሞቺብኝ ማን ብዬ ላስፈታሽ? ነገረችው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ዞር ብላ አላየችም። ወደ ኋላ ማየት ማመን ነው። በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ጠረገችና ገዱን ጠጋ አለችው። እንደታወቁ፣ ወፍጮው ወጥመድ እንደሆነ፣ የሚፈለገው ፈረንጇ እንደሆነች በሦስት ቃል ነገረችው። ማንነቷን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቀም።

« እቴ ጤናዬ » አለ፣ « ፋሻው ለኔም ይሆናል። ጢሜን ትናንት ነው የላጨሁት። »

እምቢ አለችው። አይሆንም፣ ልጆች አሉህ አለችው። እሱ ግን ከሷ የባሰ ግትር ነው። እናቴ ያየችው በፈረንጇ እጅ ነው፣ ልጆቼን ያየችው በሷ እጅ ነው አለ።

ቁልቁለቱ ሥር ካለው ወንዝ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ሴቶች ለሽንት ይገባሉ። ጤናዬ « እናቷን » ደግፋ ገባች። ገዱም በቅሎ እንደሚያጠጣ ሰው በወንዙ ዞሮ ገባ። ስትወጣ የተሸፋፈነው ገዱ ነበር።

ፈረንጇስ? ቁጥቋጦው ዳር አንዲት ባልቴት መነኩሲት ጫማቸውን ያራግፉ ነበር። እማሆይ ብርሃኔ ይባላሉ፤ ከዳባት ማርያም ጓሮ ነው ጎጇቸው። ጤናዬ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ይህችን ሰው አስጠጉልኝ፣ የሚወስዳት ይመጣል፣ ማንም ቢጠይቅ አላየሁም ይበሉ አለች። እማሆይ የጤናዬን ፊት አላዩም። ሴትዮዋን ትክ ብለው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

« ስመ ክርስትናዋ ማነው? በጸሎት እንዳስባት። »

እውነተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

« እሌኒ በሉኝ፣ እማሆይ » አለች ፈረንጇ። የጤናዬን እጅ ያዘች። አድራሻሽን ስጪኝ፣ እጽፍልሻለሁ አለች። ጤናዬ እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች።

የመጨረሻው ጉብታ ላይ ሁለት ጊዜ ደወለች። አንደኛው በዕድሜ አንዴ ብቻ የሚደወል ቁጥር ነው። ከላቀው በላይ ያለች መስከረም የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ሴት አነሣች።

« ገብሱን ዝንጀሮ በላው። »

« የዱር ነው የቤት? »

« የቤት። » ከዳተኛው የራሳቸው ሰው ነው ማለት ነው።

« ማን? »

« በአሥር ሰዓት ወፍጮ መጥታችሁ እዩት። ዕቃው ግን ዳባት ማርያም ነው፣ ከእማሆይ ብርሃኔ ዘንድ። »

« ከጎንደር ሰው ይነሣል። አቆዪው። »

ሁለተኛው ለላቀው ነው። ድምጿን እንደ ደከመ ሰው አደረገች። « ጋሼ፣ ሴትዮዋ እምቢ ብላለች። የሻጩ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ ትላለች። ከአለቃሽ በቀር ለማንም አላሳይም ብላ ተቀምጣለች። »

ረጅም ትንፋሽ ሰማች።

« እኔ እመጣለሁ » አለ ላቀው።

አሥር ሰዓት።

የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ቆሟል፣ ጣሪያው የለም። ላቀው በሩ ላይ ነበር። ሽበቱ ጨምሯል። ከግድግዳው ጀርባ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች። ከኋላ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ቢጫ ቀሚስ።

ከጎንደር የሚመጣ መኪና ድምፅ የለም።

« ፀጋው የት አለ፣ ጋሼ? »

« መኪናው ተበላሽቶበት። እኔ አለሁ አይደል? » ፈገግ አለ። ያው የድሮው ፈገግታ ነው። ወደ በቅሎዋ ተራመደ። « አይዞሽ እሌኒ። ደርሰሻል። »

ጤናዬ እጇን ወደ ሽሮው ስልቻ ሰደደች። ሽጉጡ ከሽሮው ሥር ነው።

ላቀው ፋሻውን ገለጠ።

« ቀስ በል እንጂ » አለ ገዱ። « ገና አልደረቀም። »

የላቀውን አንገት አንቆ ያዘ።

ከባሕር ዛፉ ተተኮሰ። አንድ ጊዜ። ገዱ ከበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፋ። እጁ ግን አልለቀቀም። ጤናዬ የላቀውን ጭን መታች፤ ሲወድቅ ላዩ ላይ ወድቃ አፈሙዙን ጆሮው ሥር ደገነች። ጠመንጃ የያዙት መተኮስ አልቻሉም፤ የተኮሱ እንደሆነ ሰውየውን ይገድሉታል።

እንዲያ ሆነው ቆዩ። አሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ፣ እግዜር ይወቀው። በቅሎዋ ገዱን እንደ ተሸከመች አንድ እርምጃ አልተነቃነቀችም።

« ስሜን ሰጠሃቸው » አለች። አንቱታው ከአፏ ወድቋል።

« ሌላ ምልክት አልነበረሽም። መቶ ሴት ነጭ ለብሷል። »

« ለምን? »

ላቀው ዓይኑን ጨፈነ። « ልጄ ውጭ ናት። ለሥራ ብላ ሄዳ ፓስፖርቷን ቀምተው በር ዘጉባት። እነዚህን ሰዎች የሚያዟቸው እዚያ ያሉት ናቸው። አንድ ፈረንጅ በሰጠኋቸው ቁጥር ድምጿን ያሰሙኛል። »

« ገደል ሥር የተገኘውስ የማን ልጅ ነበር? »

ላቀው የሚደማ ጭኑን በእጁ ያዘ።

« ሙሌስ? »

መኪኖቹ ሲሰሙ ጠመንጃ የያዙት ተበተኑ። ቢጫው ቀሚስ ባሕር ዛፉ ሥር ተጥሎ ተገኘ፤ ሰውየው ግን አልተገኘም። ላቀውን ሲያነሡት ደሙ እየፈሰሰ ወደሷ ዞረ።

« እንግዲህ እሷን ማን ያወጣታል? » አለ። « ንገሪኝ። ማን ያወጣታል? »

ጤናዬ ሽጉጡን ወደ ስልቻው መለሰች።

በማግሥቱ ፈረንጇ ከጎንደር ተሳፈረች። ሙሌ ተፈታ፤ ጀርባው ግን አልዳነም። መስከረም የገዱን ሬሳ ወደ ቤቱ ላከች። በሴት ነጠላ እንደ ተጠቀለለ ነው የላኩት፤ ሊያወልቁለት ያሰበ የለም። ጤናዬን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አልነበርሽም አለቻት። አዲሱ መታወቂያዋ ዓለምዬ ይላል። አዲ አርቃይ አንድ ምግብ ቤት ሰው ይፈልጋል ተብሏል።

በሦስተኛው ቀን ወደዚያው በአውቶቡስ አለፈች። ከዳባት ወጣ እንዳሉ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ሾፌሩ ሟቹን ያውቀው ነበርና ሞተሩን አጠፋ። ለቅሶ ታይቶ አይታለፍም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ።

እሷ አልወረደችም። የገዱ ሚስት መልኳን ታውቃለች፤ ከጤናዬ እጅ በልታለች። አንድ ሰው « ያቻት » ካለ መሥሪያ ቤቱ ይገለጣል፣ እማሆይም አይተርፉም። እግሬን አሞኛል አለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ውጭ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ አንዷ አልቃሽ በቅሎዋን እየጠራች ትገጥማለች።

ከጎኗ የተቀመጠችው የበርበሬ ነጋዴ ዓይኗን እየጠረገች ተመለሰች።

« አብራው የነበረች ወጥ ቤት ናት አሉ የሸጠችው » አለች። « ጤናዬ የምትባል። ለቅሶውን እንኳ አልደረሰች። »

« ክፉ ሴት ናት » አለች ጤናዬ።

« ክፉ ነው ደግሞ? አረመኔ እንጂ። » ነጋዴዋ ጨርቅ ፈታች። « እንኪ፣ ባትወርጂም የሟቹን ንፍሮ ቅመሺ። ሚስቱ ናት የዘገነችልኝ። »

በሁለት እጇ ተቀበለች። አውቶቡሱ ተነሣ። አንድ ፍሬ ሳታስቀር በላችው።