እርጥብ አፈር ላይ የፈሰሰ ናስ

ከላፑዋ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ወገቧ ላይ ባዶ አፎት ታንጠለጥል ነበር። የወደዳት ወንድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢላውን አፎቷ ውስጥ ይሻጥላታል። እስከሚቀጥለው እሁድ ካቆየችው ተስማማች ማለት ነው። ከመለሰችው ግን ነገሩ አበቃ፤ ምክንያትም አትጠየቅም። ምክንያቱን እኛ ጎረቤቶቿ እንፈጥርላታለን።

የሳንኒ አፎት ሦስት ዓመት ባዶውን ተወዛወዘ። መልክ አንሷት አይደለም። አባቷ ኢሳኪ ናስ አቅላጭ ነው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራውን የያዘችው እሷ ናት። የቢላ እጀታ እንዳይሰነጠቅ አንገቱ ላይ አንቃ የምትይዘውን ትንሽ የናስ ቀለበት፣ የአካባቢው ቢላ ሠሪ ሁሉ የሚያሠራው እሷ ዘንድ ነው። ፊቷ ጥላሸት፣ ምላሷ ደግሞ ከስለቱ የባሰ ስለነበር ጎረምሳው ከሩቅ ይፈራታል።

ታኔሊ የሚባለው ቢላ ሠሪ ግን እየፈራም ይመጣል። ለአንዲት ቀለበት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ መጥቶም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሳንኒ ዝምታውን ለምዳው፣ የቀረ ቀን ይከፋት ነበር። ወዳዋለች፤ ይህን ግን ለራሷም አልነገረችም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ጠዋት የተሰነጠቀ ቃጭል ይዞ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ፈረስ ቃጭል። አቅልጪውና አንዲት ቀለበት አውጪልኝ። ቀጠን ያለች፣ ለሴት ቢላ የምትሆን።»

የሳንኒ እጅ ወናፉ ላይ ቀረ። «አፎት ልትሞላ ነው በለኛ!»

«እንግዲህ… ከተሳካ።»

«የማንን?»

ታኔሊ እስከ ጆሮው ቀላ። «ልኩን ባንቺ አፎት ለኪው።»

«የኔ ልክ ለሌላ ሰው እንዴት ይሆናል? ሂድና የራሷን ለክተህ ና!»

«ይሆናል ስልሽ!» አለና ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ።

ብልህ የተባለች ሴት እንኳ በራሷ ጉዳይ ትሞኛለች። ታኔሊ ሰሞኑን ወፍጮ ቤት ሲመላለስ ታይቷል። የባለ ወፍጮው ልጅ አማንዳ ደግሞ ቆንጆ ናት፤ ጥላሸትም የለባትም። ሳንኒ ሁለቱን ገጣጠመችና ነገሩ የገባት መሰላት።

ናስ የሚፈስበት የአፈር ቅርጽ ምድጃ ዳር አድሮ መድረቅ አለበት። እርጥብ ከሆነ ናሱ አየር ይቋጥራል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ክረምት ሲገባ ግን ብርዱ ይሰነጥቀዋል። ይህን ሳንኒ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች። ያን ቀን ግን ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እርጥቡ ላይ አፈሰሰችው። ከቀለበቱ ውስጥ በኩል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጉድጓድ ወጣች።

«አማንዳ እጅ ላይ ይሰንጠቅ!» አለች። በማግስቱ ታኔሊ ወስዶት ከሄደ በኋላ በራሷ አፈረች።

እሁድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አማንዳ በር ላይ ቆማ ነበር። ታኔሊ ወደዚያው ሲያመራ ሳንኒ ላለማየት ፊቷን አዞረች። ወዲያው ወገቧ ላይ አንድ ነገር ከበዳት። ዝቅ ብላ ስታይ የበርች እንጨት እጀታ ነው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ የገዛ ራሷ ቀለበት። ታኔሊ ግን ርቆ ሄዷል።

ደስታውና ሀፍረቱ አንድ ላይ መጣባት። ዝም ብላ ብታቆየው ተንኮሏን ታጥቃ ልትኖር ነው። ቀለበቱን ለማስለወጥ ደግሞ ቢላውን ወደ ሠሪው መውሰድ አለባት፤ መውሰድ ማለት እምቢታ ነው። ጨንቋት ለአባቷ ነገረችው።

«እርጥብ ላይ አፈሰስሽ?» አለ ኢሳኪ። የጋብቻውን ወሬ የሰማውም አይመስል። «ሂጂና ንገሪው! የተበላሸ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ሰኞ ጠዋት ቢላውን በእጇ ይዛ መንደሩን አቋርጣ ሄደች። «መለሰችለት!» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ታኔሊ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስጪኝ» አለ እጁን ዘርግቶ። «ምክንያት አልጠይቅሽም።»

«አልሰጥህም!» ቢላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ቀለበቱ ቀዳዳ አለው። አውቄ ነው ያበላሸሁት። ለአማንዳ መስሎኝ…»

ታኔሊ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ስሞርደው አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«አምስት ዓመት ስመላለስ ካንቺ እጅ ቀዳዳ ወጥቶ አያውቅም። ‹ይህቺ ልጅ ተናዳለች› አልኩ። ለምን እንደተናደድሽ ሲገባኝ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ያቺ ቀዳዳ ባትኖር እሁድ ወዳንቺ ለመምጣት ወኔውን ከየት አመጣ ነበር?»

«ወፍጮ ቤትስ ምን ያመላልስሃል?»

«ከጓሮ ያለችውን ጎጆ እንዲያከራዩኝ እየለመንኩ። ለሁለት ሰው ትበቃለች።»

ከሩቅ ቆመን ሳንኒ ስታለቅስ ያየናት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ግን አፍንጫዋን ጠረገችና «ቢሆንም ይሰነጠቃል። እጀታውን አውልቀው፣ ቀለበቱን እንደገና አፈስሰዋለሁ» አለች። «ስለቱ ግን እስከ እሁድ ከአፎቴ አይወጣም።»

ያን ሳምንት ሳንኒ እጀታ የሌለው ቢላ ታጥቃ ወጣች ገባች። እሺ ትሁን እምቢ የሚያውቅ ጠፋ። መንደሩ በሙሉ እንቅልፍ አጣ። እሷ ግን የቃጭሉን ናስ መልሳ አቅልጣ፣ አፈሩን ሁለት ቀን ሙሉ አደረቀችው።

እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቄሱም እኛም ቆመን እያየን፣ ታኔሊ እጀታውንና አዲሷን ቀለበት ስለቱ ላይ ገጠመ። በእንጨት መዶሻ ሦስት ጊዜ መታው።

«ጠበቀ?» አለ ቢላውን እየሰጣት።

ሳንኒ እጀታውን በሁለት እጇ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ቢላውን ወደ አፎቷ መለሰችውና የታኔሊን እጅ ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገባች።

ያቺ ቀለበት አርባ ክረምት አለፈባት፤ አልተሰነጠቀችም።