ሁለተኛው ፍሬን

የፍጥነት መለኪያው መርፌ ስልሳን አልፎ ወደ ሰባ ሲጠጋ ልጅቷ መጀመሪያ መለኪያው የተበላሸ መሰላት። እናቷ ስትነዳ መርፌው ከሰላሳ ፈቅ ብሎ አያውቅም። በኖረችባቸው አሥራ አምስት ዓመታት ብስክሌት አልፏቸዋል፣ ጋሪ አልፏቸዋል፣ አንድ ጊዜማ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ዳገት ላይ አልፈዋቸው ሲያበቁ ዞር ብለው ሰላምታ ሰጥተዋቸዋል።

እናቷ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ አሰልጣኝ ናት። ሰልጣኞቿ ፊት ለፊቷ «አስተማሪ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «ወይዘሮ ሰላሳ» ይሏታል። የምትነዳው የማሰልጠኛውን መኪና ነው፤ ጣሪያው ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተሸክሟል፤ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር በኩል ደግሞ ሁለተኛ ፍሬን አለው። ሰልጣኙ ሲደናገጥ አሰልጣኙ የሚረግጠው ነው። «ፍሬን የሚረገጠው እንደ እንቁላል ነው» ትላለች እናቷ ለሁሉም። ጠዋት ጠዋት በዚያ ወንበር የምትቀመጠው ልጅቷ ስትሆን፣ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ እግርሽን ወደ ኋላ ሰብስቢ፣ ፍሬኑን አትንኪ።

ዛሬም እግሯን ሰብስባለች። ፍሬኑ ከጫማዋ ጫፍ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር። «እማዬ፣ ቀስ በይ» ማለትም ትችል ነበር። አላለችም። ለምን እንደሚከንፉ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከወጥ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ነው። እናቷ ያንን ሰዓት ሁልጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ታስቀድመዋለች፤ ዓላማው ልጇን ከአልጋ ማስነሳት ነው። ልጇ ግን ከነቃችበት ሁለት ዓመት አልፏታል። «ረፈደ!» ስትባል በሆዷ አሥራ አምስት ትቀንስና «አንድ ሰከንድ» ብላ ብርድ ልብሷ ውስጥ ትመለሳለች። አባቷ «ሰከንዴ» የሚላት ከዚህ የተነሳ ነው። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነው። የሚዋሽ ሰዓት በገዛ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ማየት ለእሱ፣ ለጥርስ ሐኪም ጥርሱ የበለዘ ልጅ የማሳደግ ያህል ነበር። ቢሆንም ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ላይነካው ለሚስቱ ቃል ገብቷል። በአጠገቡ ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ቃሉን ጠብቋል።

ሰኞ አመሻሹ ላይ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ሰዓቱን አወረደችና ወደ ትክክለኛው መለሰችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። የእናቷ ስልክ ማለዳ ጮኾ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱን የሚያስተዳድረው የግድግዳው ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገ በነፃ አሥራ አምስት ደቂቃ ትተኛለች። ያላሰበችው ነገር ቢኖር እናቷም በሆዷ አሥራ አምስት እንደምትቀንስ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እናቷ ሰዓቱን ቀና ብላ አየችና ገና ጊዜ እንዳለ አመነች። አባቷ የገበያ አዳራሹን ትልቅ ሰዓት ሊያድስ ማልዶ ስለወጣ፣ እሱን ከሱቁ የማድረስ ጣጣም አልነበረባትም። ተረጋግታ የልጇን የዩኒፎርም ኮሌታ ደግማ ተኮሰች። የላላ ቁልፍ አይታ መርፌና ክር አወጣች። መኪና ውስጥ ገብተው ሬዲዮው የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር፣ በእሷ ስሌት ገና ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሰልጣኞቿ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነበረባቸው፤ አሰልጣኛቸው ካልተገኘች ተራቸው ለሚመጣው ወር ይተላለፋል።

መርፌው ሰባን አለፈ።

ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ትራፊክ ፖሊስ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። እናቷ ፍሬቻ አሳይታ፣ ስፖኪዮ አይታ፣ ጠርዝ ይዛ፣ ሕግ እንደሚያዘው አድርጋ ቆመች። ፖሊሱ የጣሪያውን ሰሌዳ እያየ ፈገግ ብሎ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ለማጅዋ የትኛዋ ናት?»

ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያውን ከጀርባው ደበቀ።

«አስተማሪ?»

ከሦስት ዓመት በፊት የእሷ ሰልጣኝ ነበር። ወደ ኋላ መንዳት አራት ጊዜ ወድቆ በአምስተኛው ያለፈው፣ እናቷ እሑድ እሑድ በዕረፍቷ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ በችካሎች መካከል ስታመላልሰው ከርማ ነው። አሁን መሣሪያው አንዳንዴ እንደሚሳሳት፣ ፀሐይም እንደሚያወናብደው ማስረዳት ጀመረ። ስንት አለ ብላ ስትጠይቀው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰባ ሁለት አላት።

«የመንገዱ ወሰንስ?»

«ሃምሳ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጻፈው እንጂ።»

«እርስዎን ልቀጣ? ይለፉ በቃ፣ አስተማሪ። ማንም አላየ።»

«ልጄ እያየች ነው» አለች እናቷ። «ጻፍ። ቶሎ በል ደግሞ፣ ረፍዶብኛል።»

ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። እናቷ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ቀኑን ረስተሃል ብላ መለሰችለት። ቀኑን ከሞላ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው ሰላምታ ሰጣት። ከዚያ በሰላሳ ሄዱ። ልጅቷ እስከ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ አዲስ የተሰፋውን ቁልፍ በጣቷ ስትነካካ ነበር።

ማታ በእራት ሰዓት እናቷ የቀረውን ተረከች። ለፈተናው ለጥቂት ደርሳለች፤ ከስድስቱ ሰልጣኞች አምስቱ አልፈዋል። ማሰልጠኛው በር ላይ ግን አንድ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ አሰልጣኝ ያለ ቅጣት ስንት ዓመት እንደነዳ የሚያሳይ። የእሷ አሥራ ስምንት ነበር፤ ከሁሉም ይበልጣል። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እስኪረሳ ድረስ እንተወው ቢላትም ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ አሥራ ስምንቱን አነሳች፣ ዜሮ ሰቀለች። አንድ አዛውንት ሰልጣኝ «እንኳን ወደ እኛ ወገን መጡ፣ ወይዘሮ ሰባ ሁለት» ሲሏት ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ይህን ስትናገርም እየሳቀች ነበር። ቁጥሩን ወዳነሳችበት ስትደርስ ግን ሳቋን አቋርጣ ውሃ ጠጣች።

ከዚያ ተነስታ ስልኳን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየች። ደቂቃም አልተዛነፉም። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ነካኸው አይደል?»

አባቷ ግንባሩ ላይ የረሳውን የሥራ ማጉያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ሰዓቱን ከግድግዳ አንስቶ ገለበጠው። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሆና አየችው፤ ሰዓቱ በሚስተካከልበት ትንሽ ቁልፍ ላይ የምስር ፍሬ የማታክል ሐምራዊ የጥፍር ቀለም ተጣብቃለች። እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ከተተች። አባቷ ቀለሟን ረጅም ጊዜ መረመራት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ፍቅፍቅ አድርጎ ጠረጋት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ቃልህስ?»

«እጄን በላኝ።»

እናቷ ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ቢያንስ ለእሱ። በማግስቱ ሰዓቱ ተመልሶ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደመ፤ በባልና ሚስቱ መካከል ያለው ወሬ ሁሉ ደግሞ በልጅቷ በኩል ማለፍ ጀመረ። ለአባትሽ ከዛሬ ጀምሮ ሱቁ በእግሩ እንደሚሄድ ንገሪው ትላለች። ለእናትሽ እግር የተፈጠረው ለዚሁ ነው በያት ይላል። ሁለቱ የተቀመጡት አንድ ሶፋ ላይ ነው።

ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት፣ ክፍሉ በሙሉ «ጠበቃዋ» ለሚላት የወንበር ጓደኛዋ ሁሉንም ነገረቻት። ጠበቃዋ ብስኩቷን እያኘከች ጉዳዩን መዘነችው።

«ሰውዬው በገዛ አፉ አምኗል» አለች። «ያመነ ሰው ካለ መዝገቡ ተዘግቷል። ላሽ በይው።»

ልጅቷ ቀለል አላት። እስከ ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ድረስ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ ሱቅ በኩል አለፈች። ሱቁ አንድ ሰው ገብቶ ሁለተኛው ከበር የሚጠብቅበት ዓይነት ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ እኩል ይቆጥራሉ። አባቷ የአንዲት ሴት የእጅ ሰዓት ከፍቶ ወረንጦ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ነበር። ለምን «እኔ ነኝ» እንዳለ ጠየቀችው።

«ያን ሰዓት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላስተካክለው ስመኝ ኖሬያለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ለምኞቱም ቢሆን ትንሽ ቅጣት ይገባኛል።»

«አባዬ፣ የምሬን ነው።»

ወረንጦውን አስቀመጠ። «እኔ የጠረግሁት ቀለሟን ነው፣ ሰከንዴ። ሌላውን አልነካሁም።» ከዚያ «ሻይ ትጠጫለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ከሰላሳም ዝቅ ብላ ነዳች፤ የማክሰኞውን ፍጥነት በወለድ የምትመልስ ነው የምትመስለው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አባቷን ደረሱበት። በእግረኛ መንገዱ ላይ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ደረሱበት እንጂ ሊያልፉት አልቻሉም፤ ጎን ለጎን ሆኑ። ባርኔጣውን አንስቶ ለማያውቃቸው ሰዎች እንደሚያደርገው በትሕትና ሰላም አላቸው። እናቷ ወደ ፊት ብቻ አየች። ማርሽ ስትቀንስ ግን ልጅቷ ሰምታለች።

«ለአባትሽ የእግረኛ መንገዱን እንዳይለቅ ንገሪው።»

ልጅቷ በመስኮቱ ነገረችው።

«ለእናትሽ ከሰላሳ እንዳታልፍ ንገሪያት» አለ።

የእናቷ የከንፈር ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ሰበሰበችው። አባቷ ወደ ኋላ ቀረ። ልጅቷ በጎን ስፖኪዮው አየችው። ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ትከሻውን ያሻል። ከዚያ ማንም እንዳላየው እርግጠኛ ሆኖ፣ ሳጥኑን በሌላ እጁ አነሳ። ማንም እንዳላየው። ፖሊሱም ያለው ይህንኑ ነበር።

ልጅቷ እግሯን ከወንበሩ ሥር አወጣች። ስፖኪዮውን ደግማ አየች፤ ከኋላ መኪና የለም። የጫማዋን ጫፍ ሁለተኛው ፍሬን ላይ አኖረችና ቀስ አድርጋ፣ እንደ እንቁላል፣ ረገጠችው። መኪናው ዘገም አለ። እናቷ ደንግጣ ሳይሆን በልማድ ፍሬቻ አሳይታ ጠርዝ ያዘች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ጠፋ።

እናቷ መጀመሪያ የልጇን እግር አየች፣ ቀጥሎ ፊቷን። ልጅቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሐምራዊው ቀለም ግማሹ ተላልጧል።

«ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ አይደለም። አባዬ ቃሉን ጠብቋል።»

እናቷ ጥፍሮቿን አየች። ከዚያ ከላይ ያለውን መስታወት አየች፤ በውስጡ አንድ ሳጥን የያዘ ሰው ቀስ እያለ ይተልቅ ነበር። ሞተሩን አላስነሳችም። ክንዷን ወደ ኋላ ዘርግታ የኋላውን በር መቆለፊያ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ከፈተች።

ልጅቷ አባቷ እስኪደርስ ድረስ እግሯን ከፍሬኑ አላነሳችም።