የቀኙ መብራት ላብ

ሩቲ ሰውን ቶሎ የምታምን ልጅ አልነበረችም፤ ከማን ትማረው? አባቷ አቶ ገብረመስቀል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የመሩ፣ የወጣ ዕቃ ሁሉ ጎድሎ ይመለሳል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

ስለዚህ የትንሿ ነጭ መኪናቸው የቀኝ የፊት መብራት ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ቋጥሮ ሲያልበው ያየች ዕለት፣ ጥርጣሬዋ ሌላ ቦታ አልዞረም። ቀጥታ ወደ ሠሪው ሄደ፤ ወደ ኤልዳድ።

ኤልዳድ ካዛንቺስ የነበረው ሱቁ ለልማት ከተነሳ ወዲህ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የመኪና መብራት ብቻ ይጠግናል። ክረምት ሲገባ ሥራ አያጣም። የመብራቱን መስታወት በሙቅ አየር አላቆ ይከፍታል፤ ውስጡን ያደርቃል፤ ዙሪያውን በአዲስ ማጣበቂያ ያሽጋል። አይቸኩልም።

ሩቲ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ዝናቡ ሁለት ሰዓት አግቷት ነበር። ወንበሩን ለቆላት እሱ የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ብዙ አወሩ። ስትወጣ መብራቱ በመበላሸቱ ደስ እንዳላት ታወቃት። ደስ ማለቷ ራሱ አስፈራት።

አሁን ደግሞ አባቷ እንዲህ አሏት፤ «ከሥሩ ቀዳዳ ትቶበታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ደንበኛ እንዳይጠፋበት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ።»

ያናደዳት መታለሏ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ የዝናብ ጊዜ ወጥመድ ከነበረስ?

በዝናብ ሱቁ ስትደርስ ሱሩር የሚባል የታክሲ ሹፌር ወረፋ ይጠብቃል።

«ኤልዳድ፣ ከሥር ያለውን ቀዳዳ ማን ተወው?»

«እኔ።»

እንዲህ በፍጥነት ያምናል ብላ አልጠበቀችም። «አውቀህ?»

«አውቄ። መብራት ይተነፍሳል። ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። መውጫ ካጣ እርጥበቱ እዚያው ላብ ይሆናል።»

«ውሃ እንዳይገባ ቀዳዳ ትተዋለህ? በቃ፣ ይሄን ለሌላ ሰው ንገር።»

«እህቴ፣ የኔም ቀዳዳ አለው» አለ ሱሩር። «ሁለት ክረምት ደረቅ ነው።»

«አንተ ጓደኛው ነህ።»

«ጓደኛው ብሆን እዚህ ወረፋ ያስጠብቀኝ ነበር?»

ኤልዳድ መኪናዋ ፊት ተንበርክኮ እጁን ከመብራቱ ሥር አስገባ፤ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር ይዞ ወጣ። ከመሳቢያው በወረቀት የተጠቀለለች ሌላ አመጣና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«የጧፍ ሰም ነው። መተንፈሻው ተደፍኖ ነበር። ያቺኛዋን ያገኘኋት ባለፈው ስትመጪ ነው።»

ሩቲ ሰሙን አወቀችው። ምንም ነገር መጣል የማይወዱት አባቷ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ቁራጭ ጧፍ ሰብስበው ያስቀምጣሉ። ጥገናው በተጠናቀቀ ቁጥር ቀዳዳውን የሚደፍኑት እሳቸው ኖረዋል። እፎይ ልትል ስትል ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«ባለፈው አይተህ ለምን ዝም አልክ?»

«ማለቴ... የደፈንሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።»

«አባቴ ናቸው የደፈኑት። እኔ ለምን ብዬ?»

«እንደገና ለመምጣት።»

ሱሩር ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዝናቡ ይሻለኛል» ብሎ ወጣ።

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ንዴቷ ቀደመው። «እኔ አታላይ ነው እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ አንተ እዚህ ትደሰታለህ? ብትነግረኝ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እሱንም ደበቅከኝ።»

 መብራቱ እንዳላበው ነድታ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ኤልዳድ ቤቱን አጠያይቆ፣ የሥራ ዕቃውን በከረጢት ይዞ ቆሟል። የከፈቱት አቶ ገብረመስቀል ናቸው፤ ሩቲ ከኋላቸው ደረሰች።

«ማን ልበል?»

«ኤልዳድ እባላለሁ። መብራቱን የሠራሁት።»

«ቀዳዳውን የተውከው በለኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ። ውሃ የሚቋጥረው ግን ሰም ስለደፈኑበት ነው።» ምክንያቱን ረጋ ብሎ አስረዳቸው።

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጉድለት ሲያጣሩ የኖሩት ሰው መኪናዋን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ሽንፈት ግን ቶሎ አይዋጥላቸውም። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ኤልዳድ «ከሰሞኑ» ቢል ያልፍለታል። ካለ ግን ሩቲ ዳግም እንደማታምነው አወቀች።

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዝም ያልኩት ልጅዎ ተመልሳ እንድትመጣ ብዬ ነው። ጥፋት ነው። እርስዎም ይወቁት ብዬ መጣሁ።»

 አቶ ገብረመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሽማግሌ የለህም?»

«አሉኝ።»

«ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገር። ጉጠት ተይዞ ይመጣል?»

«አባዬ፣ እኔ መች እሺ አልኩ?» አለች ሩቲ።

እንዳልሰሙ ሆነው አለፏት። «ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ስማቸውን ጻፍልኝ። ሳላጣራ ሰው ቤቴ አላስገባም።»

ኤልዳድ ኪሱን ዳበሰ፤ ከረጢቱን በረበረ፤ እስክሪብቶ አልያዘም። ቀና ሲል ከሩቲ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷም ወደ ቤት ገባችና እስክሪብቶ ይዛለት ወጣች።