አንዲት እናት፣ ሁለት ለቅሶ

ወይዘሮ ዘነቡ የደሴ ልጅ ነበሩ፤ ባላቸው አቶ ተክለጻድቅ ደግሞ አስመራ የተወለዱ መካኒክ። አዲስ አበባ ላይ ሚልክያስንና ክንፉን ወልደው ሲያሳድጉ፣ ጣልያን ከመቶ ዓመት በፊት መረብ ወንዝ ላይ ያሰመረው ድንበር መኝታቸው ድረስ ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? ኤርትራ ነፃ ስትወጣ አቶ ተክለጻድቅ ለነፃነቷ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ያቺ ድምፅ ወንጀል ሆነች! ፖሊሶች ማለዳ መጥተው እሳቸውንና የአሥራ ሰባት ዓመቱን ሚልክያስን በአውቶቡስ ጭነው ከአገር አስወጧቸው። የአሥር ዓመቱ ክንፉ የእናቱን ቀሚስ እንደጨበጠ ቀረ። የሁለቱ አገር ስልክ ተቆረጠ። ወይዘሮ ዘነቡ ባላቸው በዚያው መንገድ ላይ እንደ ሞቱ የሰሙት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው... እንዲህ ያለ መርዶ እንዴት ይለቀሳል?

ዓመታት አልፈው ሚልክያስ በሱዳን ዞሮ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገባ፤ ክንፉ በዲቪ ሳን ሆዜ። የአንድ ሰዓት መንገድ! ግን አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ክንፉ ያስመጣቸው እናት ኩላሊታቸው ደክሞ ፍሩትቬል በሚባል ነርሲንግ ሆም ሲተኙ፣ ወንድማማቾቹ እንዳይገናኙ በክንፉ ልጅ በዮዲ ቴክስት ሰዓት ይከፋፈሉ ነበር። እናትን በሺፍት! አያስጸይፍም?

አንድ እሑድ ክንፉ በትራፊክ ዘገየና አልጋው አጠገብ ተፋጠጡ።

«አባቴን የገደለው የእናንተ መንግሥት ነው!» አለ ሚልክያስ።

«ቮት አድርጎ አገር የከፈለውስ ማን ነው?»

ነርሷ ብትለምናቸው ማን ሰምቷት! ከኩላሊት እጥበት የተመለሱት እናት እንደ ምንም ቀና አሉ።

«አስጠላችሁኝ» አሉ። «ጣልያኑስ ባዕድ ነው፣ የሠራውን ሠርቶ ሄደ። እናንተ ግን ከሆዴ ነው የወጣችሁት! ውጡልኝ... ሁለታችሁም!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ይኼ እንኳ አላስታረቃቸውም! ከቀብር መልስ ሚልክያስ ኦክላንድ፣ ክንፉ ሳን ሆዜ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አዳራሽ ተከራይተው ለቅሶ ተቀመጡ። አንዱ ጋ በትግርኛ፣ ሌላው ጋ በአማርኛ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። በሁለቱም ላይ ሟቿ የአንድ ልጅ እናት ነበሩ!

«ዳድ፣ የአንክል ሚልኪ ስም የታለ?» አለች የአሥራ ስድስት ዓመቷ ዮዲ። ክንፉ የተነበበውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። እሷም ተነሥታ በባርት ባቡር ኦክላንድ ሄደች፤ አጎቷን በቀብሩ ላይ ከሩቅ ከማየት በቀር በአካል አግኝታው አታውቅም። እንግዶቹን አልፋ ፊቱ ቆመች።

«የክንፉ ልጅ ነኝ» አለችው። «ሺ ዋዝ ማይ ግራንድማ ቱ፤ የእኔም አያት ነበሩ።»

ሚልክያስ አያት። የእናቱ ዐይን፣ የእናቱ ግንባር... ደረቱ ላይ አስጠግቷት ቢያለቅስ ምን ነበረበት! በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ቃኘና፣

«አባትሽ ልኮሽ ነው?» አላት።

ዮዲ ጥጉ ላይ ካለ ወንበር ተቀምጣ፣ ማንም ሳያቅፋት፣ ስለ አያቷ ብቻዋን አለቀሰች።

ዕጣ ፈንታ ነው ይላል ሰው። አባትን ከቤቱ ነቅሎ መንገድ ላይ የጣለውስ ዕጣ ይሁን፣ እሺ! አንዲትን እናት ለሁለት ከፍሎ ያለቀሰላትስ... እሱም ዕጣ ነው?