የማቋረጫው መዝጊያ

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ትንሿ ባቡር ገና ትዞራለች። መርማሪዋ ማጥፊያውን ብትጫንም የባቡሯ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አላት።

ሟቹ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ነው። ከዓመታት በፊት የሐዲድ ማቋረጫ ላይ የገዛ ሚስቱን የገጨው እሱ የሚነዳው ባቡር ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልባ ሆነ። ሐኪሙ «አእምሮህን የሚያሳርፍ ነገር ያዝ» ቢለው፣ ማንም ያላሰበውን ያዘ፤ የሞዴል ባቡር።

«ወድቆ የጠረጴዛው ብረት መትቶት ነው» አሉ ቤቱ ውስጥ የተገኙት ሁሉ። መርማሪዋ ክፍሉን ቆለፈችና አንድ በአንድ ታነጋግራቸው ጀመር።

«ለጀማሪ ክብ ሐዲድና አንድ ባቡር ይበቃል፤ የሞዴሉ መንደር ቀስ ብሎ ይደርሳል አልኳቸው» አለ ሞዴሉን የሸጠለት ባለሱቅ። «እሳቸው ግን ማቋረጫውን አስቀደሙ። ዛሬ ጠዋት መዝጊያውን ክፍት አድርገን በሙጫ አጣበቅነው። ለምን ክፍት ብላቸው፣ ‹በሕልሜ ሁሌ ክፍት ነው› አሉኝ።»

«ባለሱቁ ከሄደ በኋላ አባባን ለምሳ ልጠራው ገባሁ» አለች የሟቹ ልጅ። «መዝጊያው እንደተከፈተ ነበር፤ ገረመኝ። እናቴ በተዘጋ መዝጊያ ሥር ሾልካ ነው የሞተችው፤ ጋሼ ነው የመሰከረው። ከገበያ ስመለስ አባባ ወድቋል። እየጮህኩ ወጣሁ፤ ሌላ ያየሁት የለም።»

ጋሼ የምትለው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የዚያ ማቋረጫ ጠባቂ የነበረው ነው።

«እዚያ ክፍል ደርሼም አላውቅ» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «ምስኪን ወንድሜ! መዝጊያውን እንኳ ልክ እንደነበረው፣ ዘግቶ ነው የሠራው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። ትንሹ መዝጊያ ወርዷል፤ ሥሩ የተሰበረ ሙጫ ተፈርፍሯል።

«ሟቹ ራሱ ያጣበቀውን አይሰብርም፤ ሌባም ይህን አይነካም» አለች። «ባለሱቁ ሲሄድ ክፍት ነበር። ልጅቷ ደግሞ፣ መዝጊያው ዝግ ከሆነ ጥፋቱ የእናቷ ነው፤ የትኛዋ ልጅ ይህን ትመኛለች? ዝግ እንዲሆን የሚፈልገው ያኔ መዝጋት የነበረበት ሰው ብቻ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ደርሰው ካላወቁ፣ መዘጋቱን በምን አወቁ?»

ሰውየው ትንሹን መዝጊያ አየ።

«ያን ቀን እንቅልፍ ጣለኝ» አለ። «ስነቃ ባቡሩ አልፏል። እሷም... ሮጬ ዘጋሁት።»

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ ‹ፍሬኑን ዘግይቼ ይዤ ይሆን?› እያለ ሲቃትት አጠገቡ ተቀምጠህ ነበር!» አለች ልጅቷ።

«ዛሬ ነገርኩት።»

«ምን አለህ?»

«አልተቆጣኝም። ‹እሷም አላጠፋችም፣ እኔም አላጠፋሁም› አለና አለቀሰ። ከዚያ ‹ልጄ ስትመጣ ልንገራት› ብሎ ተነሣ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ያኔ ነው የገፋሁት።»